የሜላት አርባ ሊትር

ሚያዝያ ሲጋመስ ድሬዳዋ ሽማግሌዎቿንና አሮጊቶቿን መለማመጥ ትጀምራለች። ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሰዎች በየበሩ ሰላምታ ይበዛላቸዋል፤ ጉልበታቸው እንዴት እንደዋለ ይጠየቃሉ፤ ሐብሐብ ተቆርጦ ይላክላቸዋል። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው በሐሩር ወራት በቀን አርባ ሊትር የጥላ ውሃ አለው። ውሃው ግን ለእሱ አይሰጥም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ከሥሩ ለሚቀመጥበት ዛፍ ነው የሚለቀቀው። አዛውንት ያልተመዘገበበት ግቢ ከግንቦት አንድ ጀምሮ ለዛፍ የሚሆን አንዲት ጠብታ አያገኝም።

ስለዚህ በከዚራ ሰፈር የአንድን ቤት ነገር ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ቅጠል ካለ አዛውንት አለ። ጠውልጎ የማያውቅ ዛፍ በሰኔ ድንገት ከረገፈ፣ ጎረቤት ሳይነገረው ነጠላውን ፈልጎ ለቅሶ ለመድረስ ይዘጋጃል።

ኖላዊ ይህን ሁሉ ያወቀው ከተመለሰ በኋላ ነው። ቻይና፣ ላንዡ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦ፣ የደረቅ መሬት መስኖ ተምሮ፣ በተማረው ሠርቶ፣ አንድ ትዳር አፍርሶ ባለፈው ጥቅምት ሲመጣ የቆዩት እናቱ ሜላት፣ የአባቱ ግቢና ሦስት ዛፎች ነበሩ፤ አንድ ኒም፣ አንድ ጊሽጣ፣ አንድ ዘይቱና። ዛፎቹ በዝናብ እያገገሙ በሐሩር እየተራገፉ በአጥንታቸው ቀርተው ነበር። እናቱ ሰባት ዓመት ሙሉ ጥላዋን ያስመዘገበችው ከግንቡ ወዲያ፣ በቧንቧ ሠራተኛው በኢምራን ግቢ ነው። ግንቡ መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረ። ቀዳዳው የተከፈተው ለእሷ ሲባል ነው። ኢምራን ራሱ በመዶሻ አፍርሶ፣ ጠርዙን በሲሚንቶ አስተካክሎ፣ እንዳትደናቀፍ መርገጫ ሠርቶላታል።

“ብቻዬን እዚህ ምን ልሠራ?” አለችው ኖላዊ በመጣ ሰሞን ሲጠይቃት። “አንተ አልነበርክ።”

“አሁን አለሁ።”

“እሱማ አለህ” አለችና ወደ ሌላ ወሬ ሄደች።

ኢምራን የእሱ እኩያ ነው፤ አርባ አምስት ዓመቱ። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል ነበሩ። ኖላዊ በውጤቱ ባሕር ሲሻገር ኢምራን ከአባቱ መፍቻ ተቀብሎ ሰፈር ቀረ። በዚያን ጊዜ ያዘነለት ኖላዊ ነበር።

ምዝገባው የሚዘጋው ሚያዝያ ሠላሳ ነው። ኖላዊ ከሚያዝያ መባቻ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ተንበርክኮ ሠራ። አርባ ሊትር ለሦስት ዛፍ ይበቃል፣ አያያዙን ለሚያውቅ። የአባቱን ቧንቧ ቆፍሮ ሲያወጣው የድሬ ውሃ ኖራ ውስጡን እንደ እንቁላል ቅርፊት ለብሶት ነበር። እሱን ጣለው። አዲስ ቀጭን ቱቦ ዘረጋ፤ ማንጠብጠቢያዎቹን አንድ በአንድ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ በመርፌ ጠረጋቸው፤ የቱቦዎቹን ጫፍ ከፍቶ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አጠባቸው። የሮቶውን ማጣሪያ ቀየረ፣ በየመጋጠሚያው ያረጀውን ጎሚኒ ሁሉ ቀየረ። ቱቦውን ከግንዱ ሳይሆን ቅርንጫፉ ከሚያልቅበት ትይዩ ዙሪያውን አዞረው፤ ሥሩ የሚጠጣው እዚያ ነውና። አንድ ስንዝር ቀበረው፣ ላዩን ድርቆሽ አለበሰው፣ ከድርቆሹ ላይ ጠጠር ነሰነሰ። ግንዶቹን ኖራ ቀባ። በምዕራብ በኩል መረብ ወጠረ። ኒሙ ሥር መቀመጫው ለስላሳ፣ መደገፊያው ጋደል ያለ አግዳሚ ወንበር አኖረ።

ሲጨርስ ግቢው እንደ ተላጨ ፊት ንጹሕ ሆነ። ጎህ ሳይቀድ የውሃው መዝጊያ ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል። ውሃ የሚጠፋበት መንገድ አልነበረም። ኖላዊ ቆሞ አየውና ለቅጽበት ተጠራጠረ። ይህን ሁሉ ያደረገው ለዛፎቹ ነው? ወይስ ከግንቡ ወዲያ ያለው ሰውዬ እንዲያይለት? ጥያቄውን ገፋ አደረገው። ለእናቱ ነው። ለሌላ ለማን ይሆናል?

ሚያዝያ ሃያ ሁለት ቀን እጇን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። ሜላት ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ አንድ ዳሌዋ ብረት የሆነ። ወንበሩን በመዳፏ ዳበሰችው። ቀና ብላ ቅጠሉን አየች፣ ዝቅ ብላ ጠጠሩን አየች።

“ያምራል፣ ኖሊዬ።”

“ተመቸሽ?”

“ተመቸኝ።”

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ሐኪም እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየች። ከግንቡ ወዲያ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ተናገረና ሳቅ ፈነዳ። ሜላት ምን እንደተባለ ሳትሰማ ፈገግ አለች። ትንሽ ቆይታ “እስቲ እነሱን ልያቸው” ብላ ተነሳች፤ ቀሚሷን ሰብስባ በቀዳዳው ገባች። ብዙም ሳይቆይ ከሳቆቹ መካከል የእሷን ለየው። ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው። በስድስት ወር ውስጥ በእሱ ቤት አንድ ቀን እንዲህ ስቃ አታውቅም።

በማግስቱ መፍቻ ሊዋስ መስሎ ገባ።

የኢምራን ግቢ ያለው ዛፍ አንድ ነው፤ ሥሩ መሬቱን የሰነጠቀው፣ ግቢውን ሁሉ የሸፈነ ትልቅ ኒም። ቧንቧው ከመሬት በላይ ተጋድሟል፤ መጋጠሚያው በጎማ ቁራጭ ተጠቅልሏል፤ ከጎማው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፤ ወፎች ጠብታውን ይለቅማሉ። ጠብታው ባበጀው ጭቃ ዙሪያ ሰባት ወንበር ተደርድሯል፤ ሰባት አዛውንት ባዶ እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። አንዲት አሮጊት ሂክማ የሚሏት፣ በጣሳ ውሃ እየቀዳች ለራሷ በሶብላ ታጠጣለች።

“ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ዋሉ?” አለ ኖላዊ ዳር ላይ ላለው ሽማግሌ እጅ ነስቶ።

ሽማግሌው ዞሮ ከኋላው ተመለከተ። “ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ?”

ሁሉም ሳቁ።

“እኔ ናቲ ነኝ” አለ ሽማግሌው። የድሮ ባጃጅ ነጂ ነው። “ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ ናቲ ነኝ። ድሬ ላይ ‘እርስዎ’ የሚባል ዳኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ከፈረደብህ በኋላ አንተ ትለዋለህ።”

“ሜሉ!” ብሎ ጮኸ ኢምራን ከዛፉ ጀርባ። “ልጅሽ መጣ፤ እግርሽን ደብቂ!”

ሜሉ። ኖላዊ እናቱን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ከአባቱ ሌላ ሰምቶ አያውቅም። ሜላት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጭቃውን በእግር ጣቶቿ ታቦካለች። “ምኑን ልደብቀው፤ ያደገው እኔ እግር ሥር አይደል!” አለች። ደግሞ ሳቁ።

ኖላዊ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ። የያዘውን የውሃ ጠርሙስ ክዳን ጠብታው ሥር ደቅኖ ሰዓቱን አየ። ሲሞላ በሆዱ አሰላ። ቀና ሲል ኢምራን መፍቻውን ይዞ አናቱ ላይ ቆሟል።

“ይሄ እኮ ይንጠባጠባል” አለው ኖላዊ።

“አውቃለሁ።”

“አንተ ቧንቧ ሠራተኛ ነህ።”

“ለዛ ነዋ የማውቀው። ተወው አቦ፤ እግራቸውን ያቀዝቅዙበት። ዛፉ አላማረረም።”

አስር ሰዓት ሲሆን ከአምናው ምዝገባ ጀምሮ በሁሉም እጅ ላይ ያለው አምባር አንድ ጊዜ ጮኸ፤ የጥላው ሰዓት አበቃ። ኢምራን አንድ ባልዲና ፎጣ ይዞ መጣና ከዳር ጀምሮ እግራቸውን ያጥብ ጀመር። ሜላት ጋ ሲደርስ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ ብረት ያለበትን ወገን ከፍ እንዳያደርግ ተጠንቅቆ፣ በጣቶቿ መሐል ያለውን ጭቃ አንድ በአንድ ጠረገው። እሷ ትከሻውን ተደግፋ ስለ ሌላ ነገር ታወራ ነበር፤ እግሯ በሰው እጅ ውስጥ እንዳለ እንኳን ልብ ያለችው አትመስልም። ይህ ነው ኖላዊን ያቃጠለው። እሱ የእናቱን እግር ነክቶ አያውቅም። ለመንካት ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም።

ሚያዝያ ሃያ ሰባት ምሳ ላይ ቁርጡን ጠየቃት።

“ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ እማዬ። የት ነው የምትመዘገቢው?”

ሜላት የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። “አትቀየመኝ።”

“አልቀየምም፤ ንገሪኝ።”

“ያንተ ግቢ ሁሉን ራሱ ያደርጋል። ራሱ ያጠጣል፣ ራሱ ይዘጋል። እኔ እዚያ ተቀምጬ አርባ ሊትር ነኝ።” ሳህኗን ገፋ አድርጋ ጨመረች። “ዳሌዬ የተሰበረ ጊዜ ኢምራን ነው ከመታጠቢያ ቤት በጀርባው አዝሎ ያወጣኝ። ራቁቴን ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም እሱ ፊት። አንተ ፊት ግን ጸጉሬን ሳላበጥር አልወጣም። ገባህ?”

“ዛፎቹ ይሞታሉ።”

“የአባትህ ዛፎች ናቸው፤ እኔም አዝናለሁ” አለች። “ሰውም ይሞታል እኮ፣ ኖሊዬ።”

የጥላ ጽሕፈት ቤት ስም ሳይጠይቅ ጥቆማ ይቀበላል። በሰዓት ከአምስት ሊትር በላይ የሚያፈስ ጥላ ለዚያ ሐሩር ይዘጋል። ኖላዊ ደንቡን ያውቀዋል፤ ግቢውን ሲያዘጋጅ ሙሉውን አንብቦታል። ከምሳ በኋላ ተቀምጦ የኢምራንን ግቢ ቁጥር ጻፈ፣ የመጋጠሚያውን ቦታ ጻፈ። መጠኑ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። “ከአሥር በላይ” ብሎ ሊተወው አሰበ። ግን ከላንዡ ይዞት የመጣው አንድ ልማድ ቢኖር ልኬትን አለማጠጋጋት ነው። የለካውን በግምት መጻፍ ውሸት ሆኖ ተሰማው። የለካውን ጻፈ፣ ላከው።

ተቆጣጣሪዋ በሁለተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መጣች። ራኬብ የምትባል፣ ድምፅዋ የማይወጣ የማይወርድ ወጣት ናት። ኖላዊ ግንቡ ጋ ቆሞ ድርቆሽ የሚያስተካክል መሰለ። በቀዳዳው በኩል ሁሉም ይታየዋል።

“ጥቆማ ደርሶናል” አለች ራኬብ ለኢምራን። “ዋናው መጋጠሚያ። በሰዓት አሥራ አንድ ነጥብ አራት ሊትር።”

ኢምራን ወደ መጋጠሚያው ዞረ።

“ነጥብ አራት?” አለ ናቲ።

“ነጥብ አራት ይላል።”

“ይሁን፣ አሥራ አንዱንስ ሰው ያየዋል። ነጥብ አራቷን ማን ለቀማት?”

ማንም አልሳቀም። ስድስት ሽበት ያለበት ራስ ቀስ ብሎ ወደ ግንቡ ዞረ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጠብታ የሚቆጥር ሰው አንድ ብቻ ነው። ኖላዊ ድርቆሹን እንደያዘ ቀረ። ሜላት ብቻ አልዞረችም። እግሮቿን ከጭቃው አውጥታ ደረቁ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው።

ራኬብ ለካች። አሥራ አንድ ነጥብ አራት ነበር።

“ጥላው ለዘንድሮ ተዘግቷል” አለች። “ተመዝጋቢዎች ደንቡን ወደሚያሟላው የቅርብ ግቢ ይዛወራሉ።” አምባሮቻቸውን አንድ በአንድ ነካች፤ ከዚያ በቀዳዳው አጮልቃ ኖላዊን አየችው። “ያንተ ነው። ሰባት ሰው። በቀን ሁለት መቶ ሰማንያ ሊትር።”

ኖላዊ እናቱን ብቻ ነበር የፈለገው። ሌሎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ጨርሶ አላሰበም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኢምራን ወንበሮቹን አንድ በአንድ በቀዳዳው ያቀብለው ጀመር። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ኖላዊ ፈልጎ አጣው።

“ይሄ የሂክማ ነው፤ ወገቧን ስለሚያማት ግድግዳ አስጠጋላት። ይሄ የናቲ፤ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ የወንበሩ ማለቴ ነው፣ ጠጠር ደግፈው። ይሄ የሜሉ። ፀሐይዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በግራ በኩል ትመጣባታለች፤ አትነግርህም፣ አንተ ነህ አይተህ የምታዞራት።”

“አውቃለሁ” አለ ኖላዊ። አያውቅም ነበር።

ኢምራን የመጨረሻውን ወንበር ይዞ ቆመ። “ሜሉን ፈልገህ ከነበረ ለምን ለኔ አልነገርከኝም? ሂጂለት እላት ነበር እኮ። ትሰማኛለች።”

ኖላዊ ወንበሩን ነጠቀው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። እናቱን እንደ መፍቻ ሊያውሰው!

ግንቦት ገባ። ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት አርባ አራት ደረሰ። ኖላዊ አራት አዲስ መስመር ዘረጋ፣ ስድስት የሎሚ ችግኝ ተከለ፣ መረቡን አሰፋ። ውሃው ሞልቶ ተርፎ ስለነበር ሳይሳሳ ሠራ። ኒሙ በሁለት ሳምንት አዲስ ቅጠል አወጣ። ሥራው ላይ እያለ ደስ ይለዋል። ችግሩ አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። አዛውንቶቹ በመንገድ በኩል፣ በዋናው በር፣ ተራ በተራ ይገባሉ። ይቀመጣሉ። አምስት ሰዓት ሙሉ ይቀመጣሉ። ስድብ የለም፣ ክርክር የለም። ውሃ ሲያቀርብላቸው ያመሰግናሉ።

“ናቲ፣ ዛሬ ዝም አልክ” አለው አንድ ቀን፣ አንተ ማለቱ ምላሱን እያደናቀፈው።

“ወፍ የለማ እዚህ” አለ ናቲ። “የምትለቅማት ጠብታ የለም። ማንን ልስደብ?” ነገሩን በትሕትና ነበር የተናገረው፤ ያ ባሰበት።

አስር ሰዓት ላይ ባልዲና ፎጣ ይዞ እናቱ ፊት ተንበረከከ። ሲለማመደው ሰንብቷል። እግሯን ሲይዝ ሜላት ሰብሰብ አደረገችው።

“ንጹሕ ነው እኮ፣ ኖሊዬ” አለች።

እውነቷን ነው። ጠጠሩ ላይ ጭቃ የለም። የሚጠረግ ነገር አልነበረም።

ከግንቡ ወዲያ ትልቁ ኒም በመጀመሪያ ጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ረገፈ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል በቅርንጫፎቹ መሐል ሰማይ ይታይ ነበር። ኖላዊ ጠዋት ጠዋት ሳያስበው ቀና ብሎ ያየዋል። ይደሰታል ብሎ ጠብቆ ነበር። የሚሰማው ግን ዛፍም ደርቆ ያ ሰውዬ አሁንም አንድ ነገር እንደሚበልጠው ነው።

ግንቦት ሃያ ስምንት ራኬብ ተመልሳ መጣች። ከአምስት ሰው በላይ ያለበት ጥላ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ጠባቂውን የሚመርጡት ተመዝጋቢዎቹ ናቸው። የግቢው ባለቤት መሆን ይችላል፣ ሌላ ሰውም መሆን ይችላል። ጠባቂ ሆኖ የተመረጠ ሰው በጥላው ሰዓት ይገባል፣ ይውላል።

“ማንን ትጠቁማላችሁ?”

“ኢምራንን” አለ ናቲ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

“ሌላ?”

ራኬብ ደንብ ነውና “የግቢው ባለቤት” ብላ ራሷ ጨመረች። ኖላዊ ሎሚዎቹ አጠገብ ቆሞ ነበር። የሌሎቹ ግድ አልነበረውም። አንዲት እጅ ብቻ ነው የሚያየው። ያቺ እጅ ለኢምራን ከወጣች ዛፉም ግቢውም ሐሩሩም በከንቱ ነው። ካልወጣች ግን፣ አንድ ነገር የእሱ ነው።

“ለኢምራን?”

የናቲ እጅ ወጣ። የሂክማ ወጣ። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሌላ ሁለት። የሜላት እጆች ጭኗ ላይ ናቸው።

“ለባለቤቱ?”

ሜላት ቀኝ እጇን አወጣች። ቀጥ አድርጋ፣ ከፍ አድርጋ አወጣችው፤ ልጇ ሰው ፊት ልብሱ እንደተቀደደበት እናት፣ እንዳያዩት መሐል የምትገባ ይመስል። የኖላዊ ደረት ሞቀ። ቀጥሎ ዓይኗን አየው። ወደ እሱ አልነበረም የምታየው። ወደ ግንቡ ቀዳዳ ነበር፤ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው።

“ስድስት ለአንድ” አለች ራኬብ። “ይበቃል እናቴ፣ ተቆጥሯል።”

ሜላት እጇን አላወረደችም።

“ጥራው” አለችው ሜላት ልጇን።

ሄዶ ግንቡ ላይ ተደገፈ። ኢምራን በተራገፈው ኒም ሥር ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ቧንቧ ይፈታ ነበር፤ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል።

“መርጠውሃል” አለው ኖላዊ። “ጠባቂ ነህ። ግባ።”

ኢምራን ዞረ። ፊቱ እንደ ልጅ በራ። “ዋላሂ? ስንት ለስንት?”

“ስድስት ለአንድ።”

“አንዷ ማናት?”

ኖላዊ ይህን ለመናገር ወር ሙሉ የጠበቀ መስሎ ተሰማው። “እናቴ ናት” አለ። “እኔን መረጠች።”

ኢምራን እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሳ። አልከፋውም። እንዲያውም ሳቅ አለ፤ የሚወዱት ሰው የታወቀ ጸባዩን ሲደግም እንደሚሳቀው።

“አይ ሜሉ! እሷ እኮ ሁልጊዜ ለሚሸነፈው ነው እጇን የምታወጣው” አለና ትከሻውን መታ አደረገው። “ግድ የለም አቦ፤ ስታውቃት ትለምደዋለህ።”